ቦታ ያለው ዕቃ አይጠፋም

በጀርመን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ በትርፍ ጊዜያቸው የባቡር አምሳያ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ መጠናቸው የተወሰነ ሐዲዶችን ካቀረበ ወዲህ፣ ሥራው የራሱ መለኪያና ሥርዓት አለው። በጣም ከተለመዱት መጠኖች አንዱ 1 ለ87 ነው። ይኸውም የእውነተኛው ባቡር 87 ሜትር በአምሳያው 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ብናካፍለው 16.5 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ይሆናል።

እንግዲህ ሐዲዱ ይህን ካከለ ብሎኑና የፉርጎው ማያያዣ ሞላ ምን ሊያክሉ ነው? አንዳንዷ ሞላ ከስንዴ ቅንጣት ታንሳለች። እሷ ከጠፋች ደግሞ ፉርጎው ከፉርጎ አይያያዝም። በዚህ የተነሳ የባቡር አምሳያ ሠሪዎች ጥቃቅን ዕቃን ያለ ብዙ ወጪ የማስቀመጥ ዘዴ አዳብረዋል።

«ታዲያ ይህ እኛን ዕጩ መምህራንን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! አንዲት አምፑል ከጠፋች የኤሌክትሪክ ዑደት ትምህርት በጠመኔ ሥዕል ይተካል። በገዛ እጁ መብራት ማብራት የነበረበት ልጅ ሥዕል ገልብጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ዘዴውን ለትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን እንውሰደው።

አንደኛ፣ ሣጥን ከመፈለጋችን በፊት ዕቃውን እንለይ። አስቀድሞ ሣጥን ገዝቶ ያገኙትን ሁሉ መጠቅጠቅ ዝብርቅርቁን ክዳን ማልበስ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ አብረው የሚሠሩ አብረው ይቀመጡ። ለአንድ ትምህርት የሚያስፈልገው አምፑል፣ ሽቦና ባትሪ ድንጋይ በአንድ መያዣ ይግባ።

ሁለተኛ፣ መያዣው ከሚጣለው ዕቃ ይገኛል። 12 የክብሪት ቀፎዎችን አራት በሦስት ደርድረን በሙጫ ብናጣብቅና ዙሪያቸውን በወፍራም ወረቀት ብንጠቀልል ባለ 12 መሳቢያ ቁም ሣጥን ሆነልን ማለት ነው። ለመሳቢያው መጎተቻ የሸሚዝ ቁልፍ በክር ማሰር ይበቃል። የማርመላታ ጠርሙስ ደግሞ ክዳኑን ከመደርደሪያው ሥር በሁለት ብሎን እናጠብቀዋለን። በአንድ ብሎን ብቻ ከሆነ ክዳኑ አብሮ ይሽከረከራል። ከዚያ ጠርሙሱን ከሥር ማጠንጠን ነው፤ ውስጡ ሳይከፈት ይታያል፣ ቦታም አይፈጅም። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አንጣላት። ከብሎኖቹ ጋር ብትቀመጥ ዝገትን ትቀንሳለች።

የእንቁላል ካርቶን ክዳኑ ስለማይገጥም ለዘለቄታው አይሆንም። አንድ ዕቃ ፈትቶ ለመጠገን ግን ወደር የለውም። ጉድጓዶቹን በቁጥር ጽፈን፣ የፈታነውን ብሎን በተራ እናስቀምጣለን፤ ስንገጥም ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መጀመሪያው መመለስ ብቻ ነው። ሥራው በነጭ ጨርቅ ላይ ይሁን፤ የወደቀው ይታያል። የምትዘል ሞላ ካለች እጃችንን ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተን እንሥራ። ብትፈናጠርም ከከረጢቱ አትወጣም።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ መያዣ ላይ የዕቃው ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩም ይጻፍ። «አምፑል 6» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ተማሪዎቹ ከክፍል ሳይወጡ ቆጥረን የጎደለውን እናውቃለን። ቁጥሩ ካልተጻፈ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ዓመት፣ ትምህርቱ ሲደርስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ማግኔትና የሰዓት ባትሪ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጣሳ ይቀመጡ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል። ክብ የሰዓት ባትሪም ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ተውጧል ብለን ከጠረጠርን ሳንዘገይ ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ። የመድኃኒት ብልቃጥ ስንጠቀም የቀድሞውን ጽሑፍ እንላጥ። ናፍጣም ሆነ አልኮል በመጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ሁሉንም በአንድ ቀን እናደራጅ ብለን አንነሣ። በዚህ ሳምንት የአንድ ትምህርት ዕቃ ለይተን፣ ቆጥረን፣ ስምና ቁጥር ጽፈን እናስቀምጥ። ወጪው አንድ ሙጫና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አምፑሏ በሚቀጥለው ዓመትም በቦታዋ ትገኛለች።