ከ8 ወደ 144፤ ፍሪኩዌንሲን ስለ ማባዛት

በገዛ እጁ የአማተር ራዲዮ ምልክት ማመንጫ ለመሥራት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የክሪስታሉ ቅጥነት ነው። የኳርትዝ ክሪስታል በቀጠነ መጠን በሴኮንድ የሚርገበገበው ቁጥር፣ ማለት ፍሪኩዌንሲው፣ ይጨምራል። በ8 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የተለመደው ዓይነት ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። በመሠረታዊ ርግብግቡ 144 ሜጋኸርዝ ይስጥ ብንል ግን ከ0.012 ሚሊሜትር ያነሰ ሊሆን ነው። ስለዚህ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ማባዛት ይቀላል።

ሥራው እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። ንጹሕ ሞገድ ቅርጹ ሳይዛባ ቢጎላ አዲስ ነገር አይወልድም። ትራንዚስተሩ በእያንዳንዱ ዙር ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲከፈት ብናደርግ ግን ሞገዱ ይዛባና 2 ዕጥፍ፣ 3 ዕጥፍ፣ 4 ዕጥፍ የሆኑ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። ከነዚህ የምንፈልገውን የሚመርጥልን በኮይልና በካፓሲተር የተቃኘው ሰርኪት ነው።

ከ8 ወደ 144 ለመድረስ 18 ጊዜ ማባዛት ያስፈልጋል። የሃርሞኒኩ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ኃይሉ ይደክማልና 18ኛውን ባንድ ጊዜ መሻት ከንቱ ድካም ነው። በደረጃ ቢሄዱ ግን 8 በ3 ሲባዛ 24፣ 24 በ3 ሲባዛ 72፣ 72 በ2 ሲባዛ 144 ይሆናል። ለመጨረሻው ደረጃ ሁለት ዲዮዶች እንደ ሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር ቢያያዙና ሁለቱ ወገኖች በሚገባ ቢመጣጠኑ፣ 72ቱ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ 144ቱ ይቀራል።

ነገር ግን ማባዣ መልካሙን ብቻ አያባዛም። ክሪስታሉ በሙቀት ምክንያት 100 ኸርዝ ቢዛነፍ፣ በ144 ላይ ዝንፈቱ 1,800 ኸርዝ ይሆናል። የፌዝ ሁካታውም 25 ዴሲቤል ያህል ያድጋል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ደረጃ የወጣው 24 ሜጋኸርዝ ሾልኮ ወደ መጨረሻው ቢደርስ፣ ከ144 ጋራ ተደባልቆ 120ንና 168ን ይወልዳል። 120 ሜጋኸርዝ ደግሞ አውሮፕላኖች ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋራ በሚነጋገሩበት፣ ከ118 እስከ 137 በሚደርሰው ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የሠሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ በየደረጃው መካከል ላላ ብለው የተያያዙ ሁለት የተቃኙ ሰርኪቶች እናግባ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በቆርቆሮ እንከልል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩንም በካፓሲተር እናጽዳ። አንቴና ከመግጠማችን በፊትም ማመንጫውን ሞገድ በማያሠራጭ የሙከራ ጭነት ላይ አድርገን በስፔክትረም መመርመሪያ እንየው። የምናየው 144ቱ መኖሩን ብቻ ሳይሆን 120ው አለመኖሩንም ነው።