በአደጋ የተጎዳ ማንቁርትና የአየር ቧንቧ፦ የመጀመሪያው ውሳኔ ክብደት

የማንቁርትና የአየር ቧንቧ ጉዳት በመኪና ግጭት፣ በስለት፣ በጥይት ወይም አንገት በገመድ ሲታነቅ ይደርሳል። ጉዳቱ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በተለይ በግጭት የሚመጣው አሳሳች ነው፤ የአንገት ቆዳ ምንም ሳይሆን በውስጥ ያለው ልም አጥንት ሊሰበር ይችላልና። የድምፅ መጎርነን፣ በትንፋሽ ጊዜ የሚሰማ ፉጨት፣ ደም የቀላቀለ አክታና ከቆዳ ሥር የሚሰራጭ አየር ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ታካሚው በምን መንገድ ይተንፍስ የሚለው ነው። በአፍ በኩል ቱቦ ማስገባት በሌሎች አደጋዎች የተለመደ ነው። የአየር ቧንቧው ከተቀደደ ግን ሳይታይ የሚገፋ ቱቦ በቀዳዳው ሾልኮ ወደ አንገት ሥጋ ሊገባ፣ ከፊል ቅዳዱንም ወደ ሙሉ መበጠስ ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ጉዳት ሲጠረጠርና ጊዜ ሲፈቅድ፣ ታካሚው ሳይተኛ በአካባቢ ማደንዘዣ ከጉዳቱ በታች ትራኪዮስቶሚ መሥራት ይመረጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ በተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ እያየ ቱቦ ሊያስገባ የሚችልበት ሁኔታም አለ። ክሪኮታይሮይድ ሽፋንን መክፈት ሌላ አማራጭ በጠፋበት ቅጽበት የሚወሰድ እርምጃ ነው።

ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ የጉዳቱ መጠን በኢንዶስኮፕና በሲቲ ስካን ይለያል። የሼፈር ምደባ ጉዳቱን ከቀላል እብጠት እስከ ሙሉ መለያየት በ5 ደረጃዎች ይከፍለዋል። ቀላሉ በቅርብ ክትትልና በእርጥብ አየር ይታከማል። ልም አጥንቱ ሲጋለጥ፣ ስብራቱ ከቦታው ሲንሸራተት ወይም የድምፅ አውታር መንቀሳቀስ ሲያቆም ግን ክፍት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ጥገናው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢከናወን ይመከራል፤ መዘግየት ለኢንፌክሽንና ለጠባሳ ያጋልጣል።

በቀዶ ሕክምናው የተቀደደው ስስ ሽፋን በቀጭን ስፌት ይገጠማል፤ ስብራቱም በትናንሽ ብረቶች ይጸናል። የተለያየ የአየር ቧንቧ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል፤ የምግብ ቧንቧውም መመርመር አለበት። ስቴንት የሚቀመጠው ቅርጹ በሌላ መንገድ የማይጸና ሲሆን ብቻ ነው፤ ራሱ ሽፋኑን ሊያቆስል ይችላልና።

ቼቫሊየር ጃክሰን በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ የሚከፈት ትራኪዮስቶሚ ለማንቁርት ጥበት ዋና ምክንያት መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። ትንፋሽ ለማትረፍ የሚከፈተው ቀዳዳ የት እንደሚሆን መወሰን፣ ታካሚው ከዳነ በኋላ በምን ድምፅ እንደሚናገርና ያለ ቱቦ መተንፈስ መቻሉንም የሚወስን ነው።