«ወደ» ሁልጊዜ «ቱ» አይደለም

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ስንማር ለእያንዳንዱ መስተዋድድ አንድ የአማርኛ አቻ ይዘን ነው የወጣነው፦ «ወደ» ማለት «ቱ»፣ «በ» ማለት «ባይ»፣ «እስከ» ማለት «አንቲል»። ለማስታወስ ይቀላል። በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ባቡር እየጠየቀ ለሚመላለስ ሰው ግን ያሳስታል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው «እስከ» ነው። «እስከ 3 ሰዓት እጠብቃለሁ» እና «እስከ 3 ሰዓት እደርሳለሁ» ስንል አንዱ ቃል ለሁለቱም ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፤ መጠበቁ «አንቲል»፣ መድረሱ «ባይ» ነው። ከሳን ሆዜ ተነስቶ ኦክላንድ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ ሰው «ዊል ዊ አራይቭ አንቲል ናይን?» ቢል ሰሚው ግራ ይጋባል። «ባይ ናይን» ካለ ግን ጥያቄው ግልጽ ነው፦ 9 ሳያልፍ እንደርሳለን ወይ? የሰዓት አቆጣጠሩም እንዳይዘነጋ፤ የእነሱ የጠዋት 9 የእኛ 3 ሰዓት ነው።

«ወደ» ባለበት ሁሉ «ቱ» ይገባል የሚለውም ልክ አይደለም። «ጎ» ከ«ቱ» ጋር ይስማማል። «አራይቭ» ግን ለከተማ «ኢን»፣ ለጣቢያ «አት» ይፈልጋል። ወደ ቤት መሄድ ያለ ምንም መስተዋድድ «ጎ ሆም» ነው። ወደ ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ መንገደኛ ከባርት ባቡር የሚወርደው ኮሊሲየም ጣቢያ ነው፤ የት እንደሚወርድ ሲጠይቅ ደግሞ «ዌር ዱ አይ ጌት ኦፍ ፎር ዚ ኤርፖርት?» ይላል።

«በባቡር» ሲሆን «ባይ ትሬን»፣ «በእግር» ሲሆን «ኦን ፉት»። ቆመው የሚራመዱበት ባቡርና አውቶቡስ «ኦን»፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት መኪናና ታክሲ «ኢን» ይወስዳሉ።

መስተዋድድ ከተሳሳተ ማንም አይረዳኝም የሚለው ፍርሃት ግን መሠረት የለውም፤ በእኔ እምነት ከስህተቱ ይልቅ ብዙ ሰው ዝም ያሰኘው እሱ ነው። «ኢን ዘ ትሬን» ቢሉ ማንም ይረዳዎታል። ጥንቃቄ የሚያሻው መነሻና መድረሻን የሚለዩት «ፍሮም» እና «ቱ» ላይ ነው። ባርት ባቡሮቹን የሚጠራው በመጨረሻ ጣቢያቸው ስም ነው፤ ሳን ሆዜ የሚገኘው በርየሳ ጣቢያ ከተከፈተበት ከ2020 ወዲህ በኦክላንድ በኩል ወደዚያ የሚያልፈው «በርየሳ ትሬን» ይባላል። «ፍሮም በርየሳ» ካሉ ግን ከዚያ የመጣው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ባቡር ይሆናል።

ስለዚህ ቃሉን ለብቻው አይሸምድዱ። «ዳዝ ዚስ ትሬን ጎ ቱ በርየሳ?» የሚለውን ሙሉ ጥያቄ ቤት ሆነው ጮክ ብለው ይለማመዱት፤ ጣቢያ ሲደርሱም ሳያፍሩ ይጠይቁ።