የሮቦት ኪት በቡና አገር፦ ሹካውን ተዉት፣ ሚዛኑን ያዙ

ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። በውስጡ አንድ አርዱዊኖ ቦርድ፣ የዩኤስቢ ገመድ፣ በቀዳዳ የተሞላ ነጭ ብሬድቦርድ፣ ባለቀለም ሽቦዎች፣ ትንንሽ መብራቶች፣ ሁለት ሞተር ከነጎማቸው፣ አንድ ሰርቮ ሞተርና በርካታ ሴንሰሮች አሉ። ልጁ ይገጣጥማል፣ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ትእዛዙን በገመድ ወደ ቦርዱ ይልካል። ከዚያ በኋላ ገመዱ ቢነቀልም የሠራው ነገር በባትሪ ብቻውን ይሠራል። የሮቦት መገጣጠሚያ ኪት የሚባለው ይኸው ነው።

ጅማ ውስጥ ይህን ሳጥን ለብዙ ወላጆች አሳይቻለሁ። አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርገው ያዩትና "መጫወቻ ነው" ብለው ይመልሱልኛል። እኔ ደግሞ ከመኪና ሞተር እስከ ቡና መፈልፈያ ድረስ ያለውን ነገር ሁሉ ለልጅ ከፍቶ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ርካሽ ዕቃ አላየሁም። የተናቀው ባለመታወቁ ነው።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም። የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ ማይንድስቶርምስ የተባለውን ኪት እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2022 መጨረሻ ማምረቱን አቆመ። አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢቭሬያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተወለደ፤ ስሙን ያገኘው ሠሪዎቹ ይገናኙበት ከነበረ ቡና ቤት ነው። ንድፉን ለማንም ክፍት አድርገው ስለለቀቁት በየአገሩ ይቀዳል፤ የሚረክሰውም ለዚህ ነው። አገራችን ስለ ሮቦት በሰፊው ያወራችው ሶፊያ የምትባለው ሰው መሰል ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ነበር። ከሶፊያ ሶፍትዌር ከፊሉን የሠሩት አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት ወጣቶች እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው እንደነበር ግን ብዙ ሰው ልብ አላለም።

ኪት ሲገመገም እኔ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንዱ ዕቃ ቢቃጠል ጅማ ላይ ሆኜ ምን አደርጋለሁ? በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ከውጭ በስጦታ የመጣ በጣም ውድ ኪት አለ። ሁሉም ነገሩ በፕላስቲክ የታሸገ ነው፤ ገመዱም የራሱ ብቻ ነው። ገመዱ ተበጠሰ፣ ምትክ ጠፋ፤ ሳጥኑ ዛሬም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ተማሪዎቹ የሚያዩት በመስታወት ነው። በርካሹ ኪት ሽቦ ቢበጠስ ከአሮጌ ሬዲዮ ተቆርጦ ይተካል። ሞተር ቢቃጠል ከተሰበረ መጫወቻ መኪና ይፈታል። ልጁ የውስጡን ያያል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ባትሪን በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙ ኪት ውስጥ የሚገኘውን አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለሞተር አትጠቀሙበት። ለሞተር የሚበቃ ጉልበት የለውም። ሞተሩ ሲነሣ የባትሪው ኃይል ይወድቃል፣ ቦርዱ ጠፍቶ ይበራል፣ ልጁም "ኮዴ ተበላሸ" ብሎ ያለቅሳል። አራት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ይሻላሉ። አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ፈልፍላችሁ ለልጅ የምትሰጡ ሰዎች ግን እባካችሁ ተዉ፤ እሳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው ኅዳር በበደሌ መንገድ አጋሮ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሄጄ ነበር። የተፈለፈለውና የታጠበው ቡና ከነገለፈቱ በረጃጅም አልጋዎች ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች በግራና በቀኝ ቆመው ያገላብጡታል፣ የተሰበረውን ይለቅማሉ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ኪቱን ይዞ አልጋው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ከሳጥኑ ያወጣው ባለ ሁለት ጣት ሹካ የመሰለ ሴንሰር ቡናው ውስጥ ተሰክቷል።

"ጋሼ፣ ሴንሰሬ ደርቋል ይላል፤ አጎቴ ግን አልደረቀም ይላሉ" አለኝ።

አጎቱ በዚያው ጣቢያ ለዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ከአልጋው አንድ ፍሬ አነሡ፣ ገለፈቱን በጥፍራቸው ላጡ፣ ፍሬውን በጥርሳቸው ያዙት። "ገና ነው፤ ጥርስ ይገባዋል" አሉ። ወዲያው የጣቢያው የእርጥበት መለኪያ መጣ፤ 19 በመቶ አለ። ቡና ጆንያ ውስጥ የሚገባው ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ነው። ጥርሱ ልክ ነበር፤ ሹካው ተሳስቷል።

ይህንን ስህተት የሠራው ያ ልጅ ብቻ አይደለም። ጅማና አካባቢዋ "ዘመናዊ የቡና ማድረቂያ" የሚል የተማሪ ፕሮጀክት በታየ ቁጥር ያ ሹካ አለበት ማለት ይቻላል። የቡና አገር ልጅ እጁ ላይ የእርጥበት ሴንሰር ሲገባ ቡና ውስጥ ቢሰካው አይፈረድበትም። የሚፈረድበት "የእርጥበት ሴንሰር" ብቻ ብሎ ጽፎ የሸጠለት ነው። ዕቃው የአፈር እርጥበት ሴንሰር ነው፤ አፈር የሚለው ቃል ሲቀር ትርጉሙ ሁሉ ይቀራል።

ሹካው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ይሻገራል? እርጥብ አፈር ጣቶቹን ዙሪያቸውን አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨውም ስላለ ኤሌክትሪኩ ይሻገራል። አፈሩ ሲደርቅ መንገዱ ይዘጋል። የተሰጣ ቡና ግን አፈር አይደለም። በፍሬና በፍሬ መካከል አየር ነው። ሹካው የሚነካው ጥቂት ፍሬዎችን፣ ያውም በነጥብ በነጥብ ነው። የሚነካው ደግሞ ገለፈቱን ነው። ገለፈት አስቀድሞ ይደርቃል፤ ውሃው የቀረው ከሱ ሥር፣ ፍሬው ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሹካው ገለፈቱን ነክቶ "ደረቅ" ይላል፤ ውስጡ ግን 19 በመቶ ውሃ ነው።

ቁጥሩንም ተመልከቱ። የተለመደው አርዱዊኖ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን መጠን በ1024 ደረጃ ከፍሎ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይናገራል። ይህ የቮልት ቁጥር ነው። ተማሪው በ1023 አካፍሎ በ100 ያባዛውና ስክሪን ላይ "እርጥበት 12 በመቶ" ብሎ ይጽፈዋል። ያ በመቶ የምንም ነገር በመቶ አይደለም። ይህን አንድ መስመር ኮድ ያስተማርን ሰዎች ነን ጥፋተኞቹ። እኔም ጉዳዩ ሳይገባኝ ለብዙ ተማሪዎች እንዲሁ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ያንን የማርመው በዚህ ጽሑፍ ነው።

በትክክለኛ ቦታው፣ ማለትም የቡና ችግኝ አፈር ላይ፣ ሹካው ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ለቃችሁበት አትተዉት። እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ ማቋረጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጣቶቹ ላይ የተለበጠው ብረት ይበላል። ኃይሉን ቁጥር ካላቸው የቦርዱ እግሮች በአንዱ በኩል ስጡት፤ ልትለኩ ስትሉ ይብራ፣ ለክታችሁ ይጥፋ። በሰዓት አንድ ጊዜ ለችግኝ ይበቃል።

ሌላም አለ። ብዙዎች ከሹካው ጎን ዲኤችቲ 11 የሚባለውን ሰማያዊ ሳጥን መሰል ሴንሰር ይጨምራሉ። እሱ የአየር እርጥበት እንጂ የቡና እርጥበት አይለካም። የአየሩንም ቢሆን በ5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊስት ይችላል፤ አየሩ ከ80 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ የሚለውን ማመን ይከብዳል። የጅማ ሌሊት ከዚያ በላይ ነው፤ ቡናው ላስቲክ የሚለብሰውም ለዚሁ ነው። ነጩ ዲኤችቲ 22 ከ0 እስከ 100 ይሄዳል፤ ጥቂት ብር ጨምራችሁ እሱን ግዙ።

ታዲያ ያ ልጅ ምን ያድርግ? ሚዛን ይሥራ።

ቡና ሲደርቅ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ሌላው አካሉ እዚያው ይቀራል። 1 ኪሎ እርጥብ ቡና ከነገለፈቱ 52 በመቶ ውሃ ቢሆን፣ 520 ግራሙ ውሃ፣ 480 ግራሙ ቡና ነው። ያ 480 አይለወጥም። ቡናው 20 በመቶ ሲደርስ ጠቅላላው 600 ግራም ይመዝናል። 12 በመቶ ሲደርስ 545 ግራም ገደማ፣ 11 በመቶ ሲደርስ 539 ግራም ገደማ። በ12 እና በ11 መካከል 6 ግራም ልዩነት አለ። 6 ግራም ደግሞ ከዚሁ የኪት ዓለም የሚገኝ ርካሽ ዕቃ በደንብ ያያታል።

ዕቃው ሎድ ሴል ይባላል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። መሐሉ የተቦረቦረ አጭር የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። አንዱን ጫፍ ታስሩታላችሁ፣ ሌላኛው ላይ ሳህን ታስቀምጣላችሁ። ክብደት ሲያርፍበት ዘንጉ ዓይን በማያየው መጠን ይጎብጣል፤ ላዩ ላይ የተለጠፉት ቀጫጭን የብረት ክሮች አብረው ይለጠጣሉ፤ ክር ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ በጥቂቱ ይቀንሳል። ያቺን ጥቂት ለውጥ ኤችኤክስ 711 የምትባል የጥፍር ያህል ሰርኪዩት አጉልታ ለቦርዱ ትናገራለች። ብረት እንደሚጎብጥ በዓይኑ ያላየ ልጅ በቁጥር ያየዋል። አንድ ቀን ልጆቹ አንዲት የቡና ፍሬ ጣል ሲያደርጉ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ አይተው ጮኹ፤ ያን ጩኸት ከኪቱ የተሠራችው መኪና ስትሄድ አልሰማሁትም።

ሚዛኑን ለማስተካከል የላብራቶሪ ክብደት አያስፈልግም። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሳህኑ ላይ አድርጉና ዜሮ በሉት። በጥንቃቄ የተለካ ግማሽ ሊትር ውሃ ሙሉበት፤ 500 ግራም ነው። ይህን ጠዋት ጠዋት ድገሙት፤ ሎድ ሴል ፀሐይ ሲመታው ቁጥሩ ይንሸራተታልና። ሚዛኑ ጥላ ሥር ይሁን፤ ነፋስም አይንካው።

የሚቀረው የመጀመሪያው እርጥበት ነው፤ 52 ይሁን 55 በምን ይታወቃል? በመጀመሪያው አልጋ ላይ 1 ኪሎ ናሙና በወንፊት ለይታችሁ፣ ከሌላው ቡና እኩል እያገላበጣችሁ አድርቁ። የጣቢያው መለኪያ 11 በመቶ ሲል መዝኑት። ያገኛችሁትን በ0.89 አባዙ፤ ውጤቱ ደረቁ ቡና ነው። የዚያ ጣቢያ የዚያ ሰሞን ቡና ከ1 ኪሎ ስንት ግራም ደረቅ ቡና እንደሚሰጥ አወቃችሁ ማለት ነው። ለቀጣዩ አልጋ የ1 ኪሎ ናሙና ለይታችሁ ስትመዝኑ፣ ቦርዱ ክብደቱን እያየ እርጥበቱን ራሱ ያሰላዋል። አልፎ አልፎ በጣቢያው መለኪያ አመሳክሩት፤ በየቀኑ እየሮጡ መለካት ግን ይቀራል።

ይህ ለልጅ ፕሮጀክት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ያልደረቀ ቡና ጎተራ ውስጥ ይሻግታል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከመጠን በላይ የደረቀው እንደሚያከስር ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። 11 በመቶ ላይ 100 ኪሎ የሚሆን ቡና ረስታችሁት 9 በመቶ ቢደርስ 97 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል። 2 ኪሎ ከ200 ግራም ፀሐይ ወሰደው፤ በዚያ ላይ ፍሬው ሲፈለፈል ይሰበራል። ጅማ ለረጅም ዘመን የምትታወቀው ባልታጠበ ቡናዋ ነበር። ዛሬ በጎማና በሌሎች ወረዳዎች ያሉ ማኅበራት የታጠበ ቡና ይዘው ገበያ ሲወጡ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ የሚጠፋ ግራም ሁሉ የእነሱ ነው።

ልጁን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ሹካውን የእናቱ ጓሮ ችግኝ ላይ ተክሎታል። ሚዛኑን ከቆርቆሮ ክዳንና ከእንጨት ሠርቶ አጎቱ ዘንድ ወስዶታል። አጎቱ ቁጥሩን አንብበው አሁንም አንድ ፍሬ አንሥተው ነከሱ፤ እንዲያ ማድረጋቸውንም ወድጄዋለሁ፤ ጥርስና ሚዛን ሲስማሙ ማየት ጥሩ ማመሳከሪያ ነው።

ለልጃችሁ ኪት ልትገዙ ካሰባችሁ ባለ መኪናውን አርዱዊኖ ግዙ፤ ባለ 5 ኪሎ ሎድ ሴልና ኤችኤክስ 711 ለብቻው ጨምሩ፣ ሰማያዊውን ዲኤችቲ በነጩ ቀይሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም፣ ለምረቃ ፕሮጀክታችሁ ቡና ማድረቂያ ከመረጣችሁ አንድ ቀን ከቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ወጥታችሁ አልጋ ሥር ቆማችሁ ዋሉ። እሸቱ መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት ነው፤ ሚዛኑ ከዚያ በፊት ተሠርቶ ይለቅ።