ጤና አዳም፦ መዓዛው ይቆየን፣ ፍርሃቱ ይቅርብን

ምናልባት በግቢዎ ጥግ ወይም በረንዳዎ ላይ፣ በአሮጌ ጣሳ የተተከለች ጤና አዳም ትኖርዎ ይሆናል። ቡና ሲቀዳ አንድ ዘለላ ይቀነጠስና ሲኒው ውስጥ ጣል ይደረጋል፤ ቤቱ ይታወዳል። ፍሬዋ በርበሬ ውስጥ ይገባል፤ ቅጠሏ አይብና እርጎ ያጣፍጣል። ነገር ግን እናቶቻችን “ጤና አዳም ከቤት አይጥፋ” ሲሉ የሚያስቡት ቡናውን ብቻ አይደለም። የሰው ዓይንንም ያስባሉ።

ከሲኒ ወደ አንገት

ልማዱን ያውቁታል። ጤና አዳም ከነጭ ሽንኩርት ጋር በጨርቅ ይቋጠርና በሕፃኑ አንገት ይታሰራል። አራስ እናት ከሰው ፊት ስታጠባ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ቅጠሏንም አጠገቧ ታኖራለች። ሆዱን የቆረጠው ወይም በድንገት የታመመ ሰው “ቡዳ በልቶት ነው” ከተባለ ጤና አዳም ታሽቶ ይሸተዋል፤ ጭማቂው በአፍንጫው የሚጨመርበትም ጊዜ አለ። ከዚያም “ማን ነህ? ከየት ያዝከው?” ተብሎ ይጠየቃል። በሽተኛው የአንድ ሰው ስም እስኪጠራም ይጠበቃል።

እኛ ብቻ አይደለንም

ይህች ተክል በብዙ አገር ተመሳሳይ ሥራ ተሰጥቷታል። በደቡብ ኢጣሊያ በጤና አዳም ቅርንጫፍ አምሳል ከብር የተሠራ “ቺማሩታ” የሚባል ጌጥ ሕፃናትን ከዓይን ይጠብቃል ተብሎ ይታሰር ነበር። በብራዚል ዘለላዋን ጆሮ ላይ የሚሰኩ አሉ። በፓራጓይ ደግሞ ኦገስት 1 ቀን ከሸንኮራ አረቄና ከሎሚ ጋር ተዘፍዝፋ ትጠጣለች፤ የወሩን ክፉ ነገር ታርቃለች ይባላል።

በአሪስቶትል ስም በሚታወቅ አንድ ጥንታዊ የግሪክ መጽሐፍም “ጤና አዳም ለምን የዓይን መድኃኒት ናት ይባላል?” የሚል ጥያቄ ተነስቷል። የተሰጠው መልስ ያስገርማል። ሰው ተስገብግቦ ሲበላ ወይም አብሮት የሚበላውን እየጠረጠረ ሲበላ ሆዱ ይነፋል፤ ጤና አዳም ደግሞ ነፋቱን ታስታግሳለች፤ ስለዚህ ከዓይን ያዳነች ይመስላል ይላል። “ስንበላ አይተውን” ለምንል ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

በእኔ ቤት የሆነው

የመጀመሪያ ልጄ 4 ወር ሲሆነው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጡት እምቢ አለ፤ ሰውነቱም ተኮሰ። ጠዋት ቤታችን የመጡት ጀበናና ምጣድ እየሠሩ የሚሸጡ የሰፈራችን እናት ነበሩ። ልጁን አቅፈው “እደግ፣ ተመንደግ” ብለው መርቀውት ሄደዋል። እናቴ ግን ትኩሳቱን ስታይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ነግሬሽ ነበር፤ ለእሳቸው መስጠት አልነበረብሽም።”

የተማርኩ ነኝ፤ ቢሮ የምውል ሴት ነኝ። ያን ሌሊት ግን ጤና አዳም ሳሸት፣ ነጭ ሽንኩርት ስወቅጥ ነጋ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የጆሮ ኢንፌክሽን ነው ተባለ። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በቀናት ውስጥም ዳነ። ሐኪሟ የተናገረችኝ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አይወጣም፤ “ማታውኑ ብታመጪው ጥሩ ነበር።”

እናቴ ክፉ አይደለችም። ያደረገችው ለእሷ የተደረገላትን ነው። ሆኖም ወሬው ከቤታችን ወጥቶ ሴትዮዋ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በራችንን አላንኳኩም።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

“ቡዳ” የሚለው ስም በዘፈቀደ አይሰጥም። ሲሰጥ የኖረው ለሸክላ ሠሪው፣ ለብረት ቀጥቃጩ፣ ለቆዳ ፋቂውና ለሸማኔው ነው። ጎንደር አካባቢ በሸክላና በብረት ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎችም “ሌሊት ጅብ ይሆናሉ” እየተባሉ ኖረዋል። ማረሻውን፣ ምጣዱንና ሸማውን ከእጃቸው እንቀበላለን፤ ልጃችንን ግን ከዓይናቸው እንሸሽጋለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ግን ስድቡ አሁንም በሹክሹክታ አለ።

ጤና አዳሟን የምናስገባበት ቡና ከማን ጀበና እንደሚቀዳ አንድ ጊዜ ያስቡት።

ልማዱን ሳንጥል እንዴት እንጠንቀቅ?

• ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይስጡት፤ የጤና አዳም ጭማቂም ሆነ ውኃ በአፉም በአፍንጫውም አይግባ።

• በአንገቱ ምንም ነገር አይሰሩ፤ ክር ተጠምጥሞ ሊያንቀው ይችላል። ካስፈለገ ቅጠሉ እጁ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

• ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የሕፃንን ቆዳ ያቃጥላል። የጤና አዳም ጭማቂም የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆጣና ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጤና አዳምን ይተዉት። በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ያነሳሳል፤ ፅንስ ሊያስወርድም ይችላል።

• ሕፃን ከተኮሰ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ካስቀመጠው ወይም ከወትሮው ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ማን እንዳየው መጠየቁ አያድነውም።

• ከእናትዎ ወይም ከአማትዎ ጋር በዚህ አይጣሉ። “እማዬ፣ አንቺ መርቂው፤ እኔ ሐኪም ዘንድ ልውሰደው” ቢሏቸው ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

እኔ ጤና አዳሜን አልነቀልኩም። ባለፈው ፋሲካ ግን እናቴን ይዤ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ብዙ አልተነጋገርንም። እናቴ “ይቅር ይበሉኝ” አለች፤ እሳቸውም ቡና አፈሉ። ልጄ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ ቄጤማውን ሲበትን ዋለ። ስንወጣ ከግቢያቸው አንድ ዘለላ ጤና አዳም ቀንጥሰው ሰጡኝና “ከዓይን ያውጣልሽ” ብለው መረቁኝ።