ከእንቁላል እስከ ቄብ

እንደሚታወቀው ዶሮ የማይጭርበት ደጅ ጥቂት ነው። ዶሮ ሰፊ መሬት አትጠይቅም። ብዙ ቀለብም አትፈልግም። ከጓዳ የተረፈውንና ከደጅ የጫረችውን በልታ ታድራለች። ለዓውዳመት ወጥ ትሆናለች፤ ሲቸግር ደግሞ ተሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛለች።

ይህን የማያውቅ የለም። ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ይህንኑ መልሰን ለእናንተ ለመንገር እርሳስ አላነሣንም። ልንናገር የፈለግነው ስለ ጫጩት ነው። ዶሮ ብዙ ጫጩት ትፈለፍላለች። ነገር ግን አድገው ቄብና አውራ ዶሮ ለመሆን የሚበቁት ስንቶቹ ናቸው? በየደጁ ከሚለቀቁት ጫጩቶች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ታዲያ ይህ ዕድል ነው ወይስ መላ አለው?

ያጠብነው እንቁላል

ክረምቱን የሰነበትነው በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ነበር። ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሌሊት ከባሕር ዛፉ መካከል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ያደርንበት ግቢ ባለቤት አራት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ነበሩ። እኛም እማማ እንላቸው ነበር። ሁለት ዶሮዎቻቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመታቀፍ ተቀመጡ። እማማም «የልጆቼ ልብስና ደብተር ከነዚህ ዶሮዎች ክንፍ ሥር ነው ያለው» አሉን። ሐሳባቸው አውራዎቹን አሳድገው ለፋሲካ ገበያ ማውጣት ነበር።

እኛ በዚያን ሰሞን ስለ ንጽሕና እያስተማርን ስለነበር ለመርዳት ተጣደፍን። ለአንደኛዋ ዶሮ የተሰበሰቡትን 12 እንቁላሎች ኩስ ነክቷቸው ብናይ በቀዝቃዛ ውሃ አጠብናቸው። እማማ «ኧረ ተዉ ልጆቼ፣ የሚታቀፍ እንቁላል አይታጠብም» ቢሉንም አልሰማናቸውም። የሁለተኛዋን 12 እንቁላሎች ግን እሳቸው ሳያጥቡ አስታቀፉ።

ቀኑ ሲደርስ ካልታጠቡት 12 እንቁላሎች 10 ጫጩት ወጣ። ካጠብናቸው 12 ግን የወጣው 3 ብቻ ነው። የቀሩት ገምተው ተገኙ። አንዱ ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ነጎድጓድ ነው» አለ። ዓይንም ነጎድጓድም አልነበረም። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ይመስላል እንጂ በዓይን የማይታዩ ብዙ ሺህ ቀዳዳዎች አሉት። ጫጩቷ ውስጥ ሆና የምትተነፍሰው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። እንቁላሉ ሲጣል ቅርፊቱን አንድ ስስ ሽፋን ይለብሰዋል። ይህ ሽፋን ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል። እንቁላል በውሃ ሲታጠብ ሽፋኑ ይለቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ የእንቁላሉ ውስጥ ስለሚኮማተር ቆሻሻውን ከነውሃው ወደ ውስጥ ይስበዋል። እንቁላሉም ይገማል። ስለዚህ ኩስ የነካው እንቁላል በደረቅ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም። በጣም የቆሸሸው ለማስታቀፍ አይሆንም።

እማማ ፊደል ከእኛ ተማሩ፤ እኛም ይህን ከእሳቸው ተማርን።

የሚታቀፍ እንቁላል አመራረጥ

አውራ ዶሮ ያልደረሰባት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ነገር ግን እንቁላሏ ጫጩት አይሆንም። ስለዚህ እንቁላሉ ከአውራ ጋር ከምትውል ዶሮ መሆን አለበት። መጠኑ መካከለኛ፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ ይሁን።

ዋናው ነገር ዕድሜው ነው። ከተጣለ 7 ቀን ያልሞላው እንቁላል ጥሩ ነው። ከ10 ቀን በላይ ከቆየ ግን የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የአገራችን ዶሮ 12 ወይም 15 እንቁላል ጥላ እስክትቀመጥ ድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። የትኛው ቀድሞ እንደተጣለ በምን ይታወቃል? ፊደልና ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እንቁላል ባነሣችሁ ቁጥር ቀኑን በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ ጻፉበት። ቀድሞ የተጣለውን ለምግብ ወይም ለገበያ አውሉት፤ የኋለኛውን አስታቅፉት። ከጎረቤት አዲስ እንቁላል መለዋወጥም ይቻላል።

እስኪታቀፍ ድረስ እንቁላሉን ከምድጃ አርቃችሁ ቀዝቀዝ ባለ ሥፍራ፣ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ለአንድ የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ክንፏ አይሸፍነውም። የጠርዙ ይበርዳል፤ እሱን ስታስገባ ሌላው ይወጣል። በስስት ምክንያት ሁሉም ይበላሻል።

የምትታቀፍበት ቦታ

ቦታው ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ አይጥና ውሻ የማይደርስበት ጥግ ይሁን። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩት ሰፋ ያለ ገል ወይም አፉ የተሰበረ ማሰሮ ለዚህ ይመቻል። ከታች ደረቅ አፈርና አመድ ይደረጋል፤ ከላይ የጤፍ ጭድ ይነሰነሳል። አመዱ ቅማልና ቁንጫ ይከላከላል። ቅማል የበዛባት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች።

በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሸማኔ ብዙ ነው። ከሽመና የተረፈ ድርና ማግ ግን ጎጆ ውስጥ አታድርጉ። ክሩ በጫጩት እግር ላይ ይጠመጠማል። ጫጩቷ ስታድግ ክሩ ስለማያድግ እግሯን ይቆርጣታል።

ዶሮዋን የምታስታቅፉት በምሽት ነው። በጨለማ ከተቀመጠች ቦታውን ሳትጠራጠር ትለምደዋለች። ውሃና ጥሬ ከአጠገቧ አስቀምጡ። በቀን አንድ ጊዜ ተነሥታ በልታ፣ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ ትመለሳለች። ያን ጊዜ አትከልክሏት።

ሃያ አንዱ ቀን

እንቁላል ከታቀፈ በ21 ቀኑ ይፈለፈላል። ያስታቀፋችሁበትን ቀን በግድግዳ ወይም በደብተር ላይ ጻፉ። የሚያስፈልገው ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከሰው ገላ ሙቀት ብዙም አይርቅም። ዶሮዋ ይህን ሙቀት ከሆዷ ትሰጣለች። እንቁላሎቹንም በቀን ብዙ ጊዜ በአፏ ታገላብጣለች። ካልተገላበጡ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። የጥንት የግብጽ ሰዎች ይህን ተመልክተው በጭቃ ጡብ በሠሩት ምድጃ፣ ያለ ዶሮ፣ ብዙ ሺህ እንቁላል ይፈለፍሉ ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መፈልፈያም የሚከተለው ያንኑ የዶሮዋን ሥራ ነው።

በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ያዙና ተመልከቱት። ሸረሪት የሚመስል የደም ሥር ከታየ ጽንስ አለው። ጥርት ብሎ ከታየ ግን ባዶ ስለሆነ ይውጣ።

በ21ኛው ቀን ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ አትንኩት። «ላግዛት» ብሎ ቅርፊት መላጥ ጫጩቷን ያደማታል። ቀድመው ለወጡትም ምግብ ለመስጠት አትቸኩሉ። ጫጩቷ ከመውጣቷ በፊት የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዷ አስገብታዋለች። በዚያ ስንቅ ሁለት ቀን መቆየት ትችላለች። በ23ኛው ቀን ያልተፈለፈለውን አውጥታችሁ ቅበሩት።

በእማማ ቤት ሦስቱን ጫጩቶች በዚያው ማታ በጨለማ ከሁለተኛዋ ዶሮ ክንፍ ሥር አስገባናቸው። ስትነጋ የራሷ መስለዋት 13ቱንም ተቀበለች። አንደኛዋም ቶሎ ወደ መጣል ተመለሰች።

የጫጩት ሦስት ጠላቶች

አንደኛው ጠላት ብርድና ርጥበት ነው። ጫጩት ገና ላባ ስላላበቀለች የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል። ሙቀት መለኪያ የለንም አትበሉ፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ተቃቅፈው የሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል። ተራርቀው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ተበትነው በጸጥታ የሚጭሩ ከሆነ ተመችቷቸዋል። እናት ከሌለቻቸው ግድግዳው ድርቆሽ በተጠቀጠቀበት ሣጥን ውስጥ ማሳደር ይቻላል። ድርቆሹ የገላቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። መብራትም ከሰልም አይጠይቅም። ከሰል በተዘጋ ቤት ማቀጣጠል ለጫጩትም ለሰውም ገዳይ ነው። ጉዝጓዙ ምን ጊዜም ደረቅ ይሁን። እርጥብ ጉዝጓዝ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል።

ሁለተኛው ጠላት ነጣቂ ነው። ቀን ጭልፊት፣ ማታ ሸለመጥማጥና ድመት ያደባሉ። እስከ አራት ሳምንት ድረስ ጫጩቶቹን በሰፊ ቅርጫት ሥር ደፍታችሁ አውሏቸው። አየርና ብርሃን ግን እንዲገባ አድርጉ።

ሦስተኛው ጠላት በሽታ ነው። ከሁሉ የከፋው ፈንግል ነው። ፈንግል የያዛት ዶሮ ክንፏን ትጥላለች፤ በችግር ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል። አንድ ሰፈር ከገባ ደጁን ሁሉ ባዶ ያደርገዋል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ለጫጩት በዓይን ጠብታ፣ ለትልልቆቹም በሚጠጡት ውሃ ይሰጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው። ከተበጠበጠም በኋላ ለነገ አይቆይም። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን፣ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር ማስከተብ ይሻላል። ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። በበሽታ የሞተች ዶሮ አትጣል፣ አትሸጥ፤ በጥልቅ ትቀበር።

ምግብና ውሃ

የተከካ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ስንዴ ኃይል ይሰጣል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጫጩት ለማደግ ገንቢ ምግብ ትፈልጋለች። ምስጥ፣ ትል፣ ተቀቅሎ የተፈረፈረ እንቁላል ገንቢ ናቸው። የጎመን ቅጠል ከትፋችሁ ጨምሩላት። ምግቡን ጠዋትና ማታ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ስጡ። እናቲቱ እንዳትሻማቸው ጫጩት ብቻ በምታልፍበት ቅርጫት ሥር አድርጉት። የመጠጥ ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። በዝርግ የሸክላ ሳህን ይሁን፤ በውስጡም ጠጠር ይደረግ። ጠጠሩ ጫጩቷ ሰምጣ እንዳትሞት ይረዳታል።

የእማማ ደብዳቤ

ጠጠሩን የተማርነው በኪሣራ ነው። ከ13ቱ አንዷ በውሃ ሳህን ሰጥማ ሞተች። ሌላዋን አንድ ቀን ቅርጫቱ ተነሥቶ ሳለ ጭልፊት ወሰዳት። ጉለሌን ስንለቅ 11 ቀርተው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። እማማ ሰው ሳያስጽፉ በራሳቸው እጅ የጻፉት ነበር። ፊደሉ ተለቅ ተለቅ ያለ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ከ11ዱ 9 ደረሱ። 5 ቄብ 4 አውራ። አውራዎቹን ለፋሲካ ሸጥኩ። ልጆቹ ለበሱ፣ ደብተርም ገዛሁ። ቄቦቹ ሊጥሉ ነው። ቀኑን እንቁላሉ ላይ እጽፋለሁ። እናንተ ግን በሄዳችሁበት እንቁላል እንዳታጥቡ።»

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ዶሮዋ እንቁላል ስትጥል፣ 21 ቀን ስትታቀፍና ጫጩቶቿን ስታሳድግ ከሦስት ወር በላይ ትደክማለች። ጫጩቶቹ ካለቁ የሦስት ወር ድካሟ ከንቱ ነው። እነሱን የሚያድነው ዕድል አይደለም። ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ቅርጫት፣ ጠጠር የተደረገበት ውሃና በጊዜው የተሰጠ ክትባት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሚታቀፍ እንቁላል የማይታጠበው ለምንድን ነው?
2. ጫጩት እንደበረዳት በምን ይታወቃል?
3. በእናንተ ሰፈር ባለፈው ዓመት ስንት ጫጩት ተፈለፈለ? ስንቱ አደገ? የቀረው በምን አለቀ?
4. ለፈንግል ክትባት ከጎረቤት ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?