ቁም ሣጥናችንና የቦንጋ ዝናብ

ወደ ቦንጋ ለትምህርት የሚመደብ አዲስ ተማሪ ከቤቱ ሲነሣ ሻንጣውን የሚሞላው በሚሄድበት አገር ልክ ሳይሆን ባደገበት ሰፈር ልክ ነው። አዲስ አበባ ያደገው ነጭ የሸራ ጫማውን፥ ከቆላ የመጣው ስስ ሸሚዙን፥ ወላጆቹ «ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባ» ብለው ያለበሱት ደግሞ ሙሉ ልብሱን ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ ጫማው ጭቃ ይጠጣል፤ ሸሚዙ ገመድ ላይ እንዳለ ይሸታል፤ ሙሉ ልብሱም ሻንጣ ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል። ጫማዬ አልደረቀም ብሎ ከክፍል የሚቀር ተማሪ በመካከላችን መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት፥ የጤናና የወላጆቻችን ገንዘብ ጉዳይ ነው።

ይህች አጭር ጽሑፍ ልታስረዳ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የልብስ ምርጫ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከቀን ውሏችን መሆኑን ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ልብስ ሲከራከሩ የዛሬ የመጀመሪያቸው አይደለም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ብዙ ተማሪዎች በተቃውሞ ተነሥተው ነበር። ነገሩ ከግቢው አልፎ ወደ ሁከት ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። የዚያን ጊዜው ክርክር ስለ አጭር ቀሚስና ስለ ውጭ ባሕል ነበር። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከዚያ ይልቅ ተራ ነው፤ «ይህን ልብስ ለብሼ የምውለው የት ነው?» የሚል ነው።

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የካፋ ዝናብ እንደ ሰሜኑ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል። በዓመት የሚወርደውም ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የካፋ ደን ለምለም ያደረገው ይኸው ዝናብ ነው። ደኑን የሚያጠግበው ዝናብ የእኛን ካልሲ ሳያረጥብ አይቀርም።

የቡና መገኛ ነው ተብሎ ወደሚታወቀው ወደ ማንኪራ ደን ለጉብኝት የሄደ ተማሪ ይህን በደንብ ይረዳዋል። ቀይ አፈሩ ሲርስ ልሙጥ የቆዳ ጫማ ያንሸራትታል፤ ሳማው በስስ ካልሲ ያልፋል፤ ጉንዳኑ በሰፊ ሱሪ እግር ይወጣል። በዚያው መንገድ ላይ የሚያገኙትን የአገሬውን ገበሬ ደግሞ ልብ ብለው ይመልከቱት። እግሩ ላይ የላስቲክ ቦት ወይም ኮንጎ አለ፤ ሱሪው አጠር ያለ ወይም ቦቱ ውስጥ የገባ ነው፤ ከላይ ያረጀ ኮት ደርቧል፤ ለማታና ለብርድ ደግሞ ቤቱ ጋቢ ይጠብቀዋል። ደህናው ልብሱ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለለቅሶና ለሠርግ ተቀምጧል። ይህ ሰው የልብስ ትምህርት የተማረ አይደለም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሥራው ልኩ የሆነ ልብስ አለው። የምንቀናበት ቁም ሣጥን ይህ ሊሆን ይገባል።

በመጀመሪያ ከእግር እንጀምር። አብዛኞቻችን ገንዘብ ስናገኝ ከላይ የሚታየውን ጃኬት እናስቀድማለን፤ በዚህ አገር ግን ጫማ ይቅደም። ይህን የምንለው ለምቾት ብቻ አይደለም። በከፍተኛ ቦታዎች፥ ዝናብ በሚበዛበትና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት አገር ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች እግራቸው የሚያብጥበት የዝሆኔ ዐይነት አለ። ቀድሞ ብዙዎች እርግማን ወይም በዘር የሚመጣ ነገር ይመስላቸው ነበር። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት ግን ጠንቁ ትልም ወይም ተሐዋሲ ሳይሆን የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት ነው፤ በእግር ቆዳ ገብቶ ውስጡን ያስቆጣዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያውም ሁለት ቀላል ነገር ነው፤ ጫማ ማድረግና በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ። በጓደኛው ኮንጎ ጫማ የሚስቅ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ኖሮ አይስቅም ነበር። ኮንጎ ርካሽ ነው፤ በውሃ ይታጠባል፤ ወዲያው ይደርቃል፤ ከባዶ እግርም እጅግ ይሻላል።

ስለዚህ አንድ ተማሪ ቢችል ሁለት ጫማ ይኑረው፤ አንዱ ለጭቃ፥ ሁለተኛው ለክፍል። ሁለቱን ማፈራረቁ ለጫማው ዕድሜም ይጠቅማል፤ የረጠበ ጫማ ሳይደርቅ በማግስቱ ከተደረገ ስፌቱ ቶሎ ይላቀቃልና። የቆዳ ጫማ ሲርስ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ሥር ማድረቅ ነው እንጂ እሳት ዳር ማቆም ቆዳውን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው ነገር የጨርቁ ጠባይ ነው። ጥጥ ለቆዳ ይመቻል፤ ላብም ይጠጣል፤ ነገር ግን አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰውነትንም ያበርዳል። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ግን ላብ ሲይዝ ይሸታል። ሱፍ እርጥበት እየያዘም ሙቀቱን አይለቅም። ጋቢ የሚያሞቀን አራት እጥፍ ሆኖ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ነገር ግን ጥጥ ነውና ለዝናብ መከላከያ አይሆንም። ከዚህ የምንማረው፥ ከውስጥ የጥጥ ከነቴራ፥ ከላይ ሹራብ፥ ከሁሉ በላይ ውሃ የማያሳልፍ የዝናብ ልብስ መደረብ ከአንድ ወፍራም ጃኬት እንደሚሻል ነው። ጧት በብርድ ሦስቱንም እንለብሳለን፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ እናወልቃለን። ወፍራሙን ጃኬት ግን ከለበሱት ማወፈር ወይም ማሳሳት አይቻልም። የጂንስ ሱሪ ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ በዝናብ ወራት ለመድረቅ የሚፈጀውን ቀን አስቡት።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዛቱ ነው። ስንት ሸሚዝ ይበቃል? መልሱን የሚሰጠን ገመዱ ነው። የታጠበ ሸሚዝ ለመድረቅ ሁለት ቀን ቢፈጅ፥ አንዱ ሰውነታችን ላይ፥ ሁለቱ ገመድ ላይ፥ አንዱ ደግሞ ለጥንቃቄ ሲቀመጥ አራት ይሆናል። ከዚያ የበለጠው ሻንጣ ያጣብባል፤ ከዚያ ያነሰው እርጥብ ያስለብሳል። አራቱ ሸሚዞች ከሁለት ጥቁርሰማያዊ ወይም ቡናማ ሱሪዎች ጋር ሁሉ የሚሄዱ ቢሆኑ፥ ስምንት ዐይነት አለባበስ አገኘን ማለት ነው፤ ሁለት ሹራብ ሲጨመር ዐሥራ ስድስት ይሆናል። ደማቅ ቀለም ያለው አንድ ልብስ ግን ከሌላው ጋር ካልሄደ ብቻውን የሚኖር እንግዳ ነው።

እኅቶቻችንን በሚመለከት ስሌቱ ያው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ቁርጭምጭሚት የሚነካ ቀሚስ ጭቃውን እየጠረገ ስለሚሄድ በየማታው ማጠብን ያመጣል። ከዚያ አጠር ብሎ ወፈር ካለ ካልሲ ጋር የሚለበስ ጉርድ፥ ወይም ሱሪ፥ ብዙ ድካም ያድናል። ነጠላን በዝናብ ቀን በቦርሳ ይዞ ሄዶ በቦታው መልበስ ነው።

ዋጋን እንዴት እንመዝን? የልብስ ዋጋ ሻጩ የሚነግረን ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን በለበስንበት ቀን ብዛት ማካፈል ይገባል። አንድ ጫማ በ3,000 ብር ተገዝቶ 300 ቀን ቢደረግ ለአንድ ቀን 10 ብር ሆነ። አንድ ሙሉ ልብስ በ9,000 ብር ተገዝቶ በአራት ዓመት ሦስት ጊዜ ቢለበስ ለአንድ ቀን 3,000 ብር ሆነ። ሙሉ ልብስ ለምረቃ አይለበስ አንልም፤ ነገር ግን ከወንድም ወይም ከጓደኛ ተውሶ መመረቅ ነውር አይደለም። ሳልባጅ ገበያ የሚሄድ ሰውም ርካሽ ነው ብሎ ብቻ አይግዛ፤ ስፌቱን ይሳብ፥ ዚፑን ይክፈትና ይዝጋ፥ ብብቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከት። አባቶቻችን «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ያሉት ለእንጀራ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በየዓመቱ ተመርቆ የሚሄደው ተማሪ የዝናብ ልብሱንና ቦቱን አልጋ ሥር ጥሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ዓመት የሚመጣው ደግሞ ያንኑ ለመግዛት ወላጆቹን ብር ያስልካል። ተመራቂው ንጹሕ አድርጎ ቢያስረክብ፥ ማኅበሩም ተቀብሎ በየቁጥሩ ቢያስቀምጥ፥ የመጀመሪያውን ዝናብ በሸራ ጫማ የሚቀበል አዲስ ተማሪ አይኖርም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፥ አንድ መዝገብና ጥቂት በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።

እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት እንያዝ። የሳምንቱን ሰባት ቀን ጽፈን፥ በእያንዳንዱ ፊት የት እንደምንውልና በምን እንደምንሄድ እንሙላ፤ ከዚያ ሻንጣችንን እንክፈት። ከወረቀቱ ጋር የማይገናኘው ልብስ ስንት እንደሆነ ስናይ፥ በሚቀጥለው ወር ምን መግዛት እንደሌለብን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን።